ንግሥቲቱን ከዛፍ ስለማውረድ ሰባት ነጥቦች

መስከረም 18 ቀን

ለምወድዎና ለማከብርዎ አጎቴ፤

ይህ ወረቀት ሲደርስዎ መርፌው በእጅዎ፣ ጤናው በቤትዎ፣ ደንበኛው በደጃፍዎ እንዲሆን ምኞቴ ነው። እኔ ደኅና ነኝ። እዚህ ብርዱ ከውጭ ነው፤ እኔ የምውልበት ክፍል ዓመቱን ሙሉ ሃያ ስምንት ዲግሪ ይሞቃል። የሚሞቀው ግን ለእኔ ተብሎ አይደለም።

ሥራዬን በቅጡ አስረድቼዎት አላውቅም። በምርምር ተቋሙ የነፍሳት ክፍል ውስጥ፣ በሞቃት አገር ዛፍ ላይ ቅጠል እየሰፉ ጎጆ የሚሠሩ ጉንዳኖችን እጠብቃለሁ። ከሱቅዎ ጀርባ ባለው ማንጎ ላይ የሚኖሩት፣ በልጅነታችን ታናሽ ወንድሜን ያስለቀሱት ዓይነት ናቸው። ባለፈው ዓመት ከነጋዴ የተገዛልን መንጋ ንግሥት አልነበረውም። ስምንት ወር ሙሉ ሲሰፉ፣ ሲያድኑ፣ በር ሲጠብቁ ኖሩ፤ አንድም አዲስ ሠራተኛ ሳይወለድላቸው በየተራ አለቁ። እኔ ይህን ያወቅሁት ዘግይቼ ነው። የክፍሉ ኃላፊ ጠርቶ፣ «ጥፋቱ ያንተ ነው አልልም፤ የደረሰው ግን አንተ በምትጠብቀው ክፍል ነው» አለኝ።

ውሌ በግንቦት ይታያል። በዚያን ጊዜ ንግሥት ያለው ሕያው መንጋ በክፍሉ ካለ ይታደሳል፤ ከሌለ አይታደስም። የመኖሪያ ፈቃዴ የውሌ ጥላ ነው፤ አንዱ ሲነሣ ሌላው አብሮ ይነሣል። ስለዚህ ሦስት ነገር ልጠይቅዎ። ማንጎው አለ? ጉንዳኖቹስ አሉ? ካሉ ስንት ጎጆ ይታያል? የማስገቢያውን ፈቃድ እኔ አውጥቻለሁ።

ወንድሜን ሸምበቆን ሰላም ይበሉልኝ። የመብራት ምሰሶ ላይ ሲወጣ ቀበቶውን ማጥበቁን እንዳይዘነጋ።

የእህትዎ ልጅ


ጥቅምት 12 ቀን

ለእህቴ ልጅ፣ ለእኔም ልጅ፤

የዕድሜህ ክር ይርዘም፤ ቋጠሮ አይግጠምህ። ደብዳቤህን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። አንድ ጊዜ ለራሴ፣ አንድ ጊዜ ለወንድምህ። ሁለተኛውን ሳልጨርስ በሳቅ አቋረጠኝ። «ውጭ የሄደ ሰው ሚስት ላኩልኝ ይላል፤ የእኛው ደግሞ የጉንዳን ንግሥት!» አለ።

ማንጎው አለ። እንዲያውም ከጣሪያው አልፎ ሄዷል። ወንድምህ ሃያ ሦስት ጎጆ ቆጥሯል፤ እኔ የቆጠርኩት ዘጠኝ ነው። ዓይኔ ወደ ማታው ስለሄደ ማጉያ መነጽር ብትልክልኝ መርፌ ውስጥ ክር ለማስገባት ጎረቤት አልጠራም።

ግን ያየሁትን አየሁ። ሁለቱን ቅጠል ጠርዝ ለጠርዝ አስጠግተው ጎን ለጎን ተሰልፈው ይይዛሉ። ከወዲያ ሌላው ገና እጭ የሆነውን ልጅ በአፉ አንጠልጥሎ ይመጣና ከአንዱ ጠርዝ ወደ ሌላው ያመላልሰዋል፤ ልጁ ሐሩን ይተፋል። አርባ ዓመት ስሰፋ ልጅን መርፌ ያደረገ ሰፊ አላየሁም። ስፌታቸው ግን እንከን የለውም፤ የእኔን ያስንቃል።

ወንድምህ አንድ ሐሳብ ሰጥቷል፤ ሳትንቅ ስማው። «የመጀመሪያው ዝናብ ሲጥል በበራችን መብራት ሥር ክንፍ ያላቸው ንግሥቶች ይረግፋሉ። በኩባያ ለቅሜ እልክለታለሁ። ምን ዛፍ ላይ አስወጣኝ? ዛፍ ላይ ለመውጣት መሥሪያ ቤቴ ደመወዝ ይከፍለኛል እኮ» ብሏል። ለእኔ ነገሩ እውነት መሰለኝ። ቀሪውን በጠርዙ ላይ ራሱ ጽፎልሃል።

አጎትህ

(በጠርዙ ላይ፣ በሌላ እጅ ጽሕፈት፦) ጋሼ፣ ጉንዳን ጠባቂ ሆነሃል አሉ። እኛ ዘበኛ የምንለውን ነው እናንተ ተመራማሪ የምትሉት? ግድ የለም፣ የምትለውን ልካ። ንግሥቲቱ ስትደርስ እጅ ነሥተህ፣ «የላከሽ ሸምበቆ ነው» በላት።


ኅዳር 6 ቀን

ለምወድዎና ለማከብርዎ አጎቴ፤

ጤናና ሰላም ከቤትዎ አይጉደል። ማጉያ መነጽሩን ከዚህ ጋር ልኬያለሁ። በቀኝ በኩል ያለው ቁልፍ ሲጫን መብራት አለው።

የወንድሜን ሐሳብ አልናቅሁትም፤ በሥርዓት አስቤበታለሁ። ሐሳቡ ትክክል ነው፤ ችግሩ ጊዜው ነው። ከዝናብ በኋላ የምትገኝ ንግሥት ብቻዋን ናት። በአንድ ቅጠል ሥር ተጠግታ ጥቂት እንቁላል ትጥላለች፤ የምታሳድጋቸውም ራሷ ናት። መንጋ የሚባል ነገር ለመታየት ከዓመት በላይ ይፈጃል። ዝናቡ ራሱ የሚጥለው ከውሌ ቀን አጠገብ ነው። ለኃላፊዬ በግንቦት አንዲት ጉንዳን በኩባያ ይዤ ብቀርብ የሚለኝን አውቀዋለሁ። ስለዚህ የሚያስፈልገኝ ያደገ መንጋ፣ ከነንግሥቱ ነው። ቸኩያለሁ ማለት አልወድም፤ ግን ቸኩያለሁ።

ጎጆው ሲወርድ የሚከተሉት ነጥቦች ሳይጓደሉ እንዲፈጸሙ በትሕትና እለምናለሁ።

፩. ጎጆው የሚወርደው ጎህ ሲቀድ፣ ሠራተኞቹ ለአደን ሳይበታተኑ ነው።

፪. የንግሥቲቱ ጎጆ አብዛኛውን ጊዜ ከሌሎቹ ከፍ ብሎ፣ በዛፉ ጫፍ አካባቢ ይገኛል። ጠባቂ የበዛበት ይመረጥ።

፫. ጭስ፣ አመድና የነፍሳት መድኃኒት ፈጽሞ አይቅረብ።

፬. በግንዱና በቅርንጫፉ ላይ ያለው የጉንዳኖቹ መንገድ በገመድም፣ በቀበቶም፣ በጨርቅም አይዘጋ። መንገዱ ሲዘጋ ይሸበራሉ፤ ንግሥቲቱንም ወደ ሌላ ጎጆ ሊያዛውሯት ይችላሉ።

፭. ጎጆው በወፍራም ጓንት አይያዝ። ቅጠሉ ከተጨመቀ ንግሥቲቱ ትጎዳለች።

፮. ቅርንጫፉ ከመቆረጡ በፊት ጎጆው በስስ ጨርቅ ከረጢት ይሸፈን፤ ከዚያ በመጋዝ ቀስ ተብሎ ይቆረጥ።

፯. ከረጢቱ ሳይወዛወዝ ይውረድ። ጎጆው ከወደቀ ሥራው ሁሉ ከንቱ ነው።

ከረጢቱን እርስዎ እንዲሰፉት እመኛለሁ። ከእርስዎ እጅ የወጣ ስፌት ሲተረተር አላየሁም።

የእህትዎ ልጅ


ታኅሣሥ 24 ቀን

ለልጄ፤

ሰላም ላንተ ይሁን።

ሣጥኑን በፈቃድህ ቁጥር ትናንት አስረክቤያለሁ። ቅጹ ላይ «ሕይወት ያለው ነገር አለበት?» የሚል ስለነበር «አለበት» ብዬ ሞልቻለሁ። ጎጆው ከጫፉ የወረደ ነው፤ ሌላ ጎጆ አልተነካም። ከሰባቱ ነጥብ አንዱንም አላጓደልንም።

ወንድምህ ሩቅ መስመር ዝርጋታ ተልኳል። ስለዚህ በጠርዙ ላይ አልጻፈልህም።

ለእኔ የጀርባ ቁስል ቅባት ብትልክልኝ። ወንበር ላይ አብዝቼ ስለምቀመጥ ቆስያለሁ። ጥሩውን፣ ጠንካራውን ዓይነት።

አጎትህ


ጥር 14 ቀን

ለምወድዎና ለማከብርዎ አጎቴ፤

ለዚህ ውለታ ተመጣጣኝ ምስጋና ስለማላውቅ የሆነውን በቅደም ተከተል ልንገርዎ።

ሣጥኑ በስድስተኛው ቀን ደረሰ። አራት መቶ ያህል ሠራተኞች ሞተው ነበር፤ ለእንዲህ ያለ መንገድ ጥቂት ነው። ከረጢቱን በማሰሮ ከተተከለ የሎሚ ችግኝ ሥር ከፈትሁት። ማሰሮው የቆመው ሳሙና ጠብ በተደረገበት የውኃ ገንዳ መካከል ነው፤ ከዚያ ወዲያ መሄጃ የላቸውም። ሁለት ሰዓት ያህል የወጣ ነገር አልነበረም። በኋላ ጠባቂዎቹ ብቅ አሉ፤ አንዱ አውራ ጣቴን ነክሶ አሲዱን ተፋበት። እንዲህ ደስ ያለኝ ንክሻ የለም። ከቀትር በኋላ ንግሥቲቱን አየኋት። አረንጓዴ የተቀላቀለበት ቡናማ፣ ሆዷ እንደ ባቄላ የተነፋ፣ ዙሪያዋን የተከበበች ናት። በሦስተኛው ቀን የሎሚውን ቅጠል መስፋት ጀመሩ። ዛሬ ሁለት ጎጆ አላቸው። የስኳር ውኃና ፌንጣ እሰጣቸዋለሁ፤ ጠዋትና ማታ እቆጥራለሁ።

ለመዝገቡ ያህል አንድ ነገር አስተውያለሁ። በቅርንጫፉ ጫፍ ላይ የመጋዝ ምልክት የሚታየው ከግማሽ በታች ነው፤ ቀሪው ተገንጥሎ ልጡ ወደ ታች ተልጧል። የመጋዙ ጥርስ ደንዞ ይሆናል ብዬ ገምቻለሁ። ቅርንጫፉን አልጣልሁትም።

ቅባቱን ልኬያለሁ። ሸምበቆ ከመስመር ሥራ ሲመለስ፣ እጅ መንሣቴን ይንገሩልኝ።

የእህትዎ ልጅ


የካቲት 17 ቀን

ለልጄ፤

ሰላምህ ይብዛ። ቅባቱ ደርሶ አልቋል፤ ያው ዓይነት ሦስት ወይም አራት ጨምርልኝ።

መጋዙ ደንዞ ነበር፤ እንደገመትከው ነው።

ወንድምህ ያው መስመር ላይ ነው። መልእክትህን ነግሬዋለሁ። «ምን አለች ንግሥቲቱ?» ብሎ ጠየቀ። ሲስቅ ነበር።

አንድ ነገር ላስቸግርህ። አንድ ደንበኛዬ ቤት የተኛ በሽተኛ አለባቸው። በአየር የሚሞላ፣ የተኛው ሰው ሳይገላበጥ ራሱ ከፍ ዝቅ እያለ ገላውን የሚያሳርፍ ፍራሽ በእናንተ ዘንድ አለ ይባላል። እዚህ ጠይቄ አጣሁ። ብትችል ቶሎ።

ማንጎው ላይ የቀሩትን ጎጆዎች በመነጽርህ ሳይ እውላለሁ፤ የ… የመኝታ ክፍሉ መስኮት ከዛፉ ፊት ለፊት ነው። አሁንም ይሰፋሉ። ንግሥታቸው ከተወሰደች ሁለት ወር አለፈ። ያልገባኝን ልጠይቅህ፣ የተማርክ ነህና፤ የሚሰፉት መሄዷን ሳያውቁ ነው ወይስ እያወቁ ነው?

አጎትህ


መጋቢት 24 ቀን

ለማከብርዎ አጎቴ፤

መልሴ በመዘግየቱ ይቅርታ እጠይቃለሁ። የግምገማው ሰነድ ዝግጅት ፋታ ነሥቶኝ ነበር።

ስለ ጥያቄዎ፦ ያውቃሉ ብለን እንገምታለን። የንግሥቲቱ ጠረን በየቀኑ ይሳሳል። ሠራተኞቹ የራሳቸውን እንቁላል መጣል ይጀምራሉ፤ ከዚያ የሚወጣው ግን ወንድ ብቻ ነው፤ ወንዱ አይሰፋም፣ አያድንም። ያሉት ሠራተኞች ግን እስከ መጨረሻው ሥራቸውን አያቆሙም። ከውጭ ለሚያይ ሰው መንጋው ጤነኛ ይመስላል።

እዚህ ያለው መንጋ አድጓል። በመጋቢት መጀመሪያ የመጀመሪያዎቹ አዳዲስ ሠራተኞች ወጥተዋል፤ ቀለማቸው ገና ፈዘዝ ያለ ነው። ኃላፊዬ ትናንት ሎሚው ፊት ቆሞ ብዙ ቆየ። «ይህን ያወረደው ሰው ሥራውን ያውቃል» አለኝ። እኔም «አዎን» አልሁ።

ቅባቱን ልኬያለሁ። ስለ ፍራሹ አጠያይቄአለሁ፤ አለ። ለመላክ ግን የሐኪም ማዘዣና አንዳንድ ወረቀት ይፈልጋል፤ ለዚያ መሥሪያ ቤቱን ፈቃድ ልጠይቅ፣ ምክንያቱንም ላስረዳ ይገባኛል። በዚህ ወቅት ስለ ቤተሰብ ጉዳይ ምክንያት ማስረዳት አልፈልግም። የደንበኛዎ በሽተኛ ጉዳይ እጅግ አስቸኳይ ካልሆነ፣ ከግንቦቱ ግምገማ በኋላ ወዲያው እልከዋለሁ። አስቸኳይ ከሆነ ግን በግልጽ ይጻፉልኝ።

የእህትዎ ልጅ


ሚያዝያ 27 ቀን

ለልጄ፤

ፍራሹን አትላክ። ደንበኛዬ ከእንግዲህ አያስፈልገውም። ቅባቱንም ተወው።

ውልህ ሲታደስ ጻፍልኝ። ከዚያ በፊት አትጻፍ።

አጎትህ


ግንቦት 21 ቀን

አጎቴ፤

ውሌ በዚህ ወር አሥራ ዘጠነኛው ቀን ለሦስት ዓመት ታድሷል። አትጻፍ ያሉኝ ቀን ስላለፈ እጽፋለሁ።

በጥር ስለ መጋዙ የጻፍሁልዎ ውሸት ነበር። ያንን ቅርንጫፍ ባየሁበት ቀን ያወቅሁትን ልጻፍልዎ፤ ሰው የሚያውቀውን ሁሉ በመዝገብ ማስፈር ሥራዬ ነበር፤ ይህን ግን አላሰፈርሁም።

የደነዘ መጋዝ እንጨቱን ያደቅቃል፤ አይገነጥልም። ያ ቅርንጫፍ የተገነጠለው ከበላዩ ሳይሆን ከሥሩ ከባድ ነገር ተንጠልጥሎበት ነው። ልጡ የተላጠው ክብደቱ በወረደበት አቅጣጫ ነው። ክብደቱን ከእንጨቱ ውፍረት በግምት አሰላሁት። አንድ ቀጭን ሰው ያህል መጣ። ወረቀቱን ቀደድሁት።

ሁለተኛው ነገር ከከረጢቱ አፍ ሌላ የተሰፋበት ማሰሪያ ነው። ጥብቅ ቋጠሮ ነበረበት፤ የተለቀቀው ግን በመቀስ ተቆርጦ ነው። እርስዎ እኔንና ወንድሜን ሲያሳድጉ፣ «ቋጠሮ ይፈታል እንጂ አይቆረጥም» እያሉ ክር ስንቆርጥ ጣታችንን ይመቱ ነበር። በዕድሜዎ አንድ ቋጠሮ ከቆረጡ የቸኮሉበት ምክንያት እንዳለ ገባኝ።

ከዚያ ቅባት ጠየቁኝ፤ አንድ ሰው ተቀምጦ በሚያገኘው ቁስል አራት ብልቃጥ በወር እንደማይጨርስ አውቅ ነበር። ከዚያ ፍራሽ ጠየቁኝ። ፍራሹ የማን ጀርባ ሥር እንደሚነጠፍ አውቄ ነበር። አስቸኳይ ከሆነ በግልጽ ይጻፉልኝ ያልሁዎት፣ በግልጽ እንደማይጽፉልኝ ስለማውቅ ነው። ካልጠየቅሁ አልተነገረኝም፤ ካልተነገረኝ መሄድ አይጠበቅብኝም፤ ካልሄድሁ ጉንዳኖቹን የሚቆጥር ሰው አለ። ነገሩን እንዲህ በሥርዓት አሰካካሁት።

ሰባት ነጥብ ጻፍሁ። ደግሜ አነበብኋቸው። ሰባቱም ስለ ጉንዳን ናቸው።

አሁን እጠይቃለሁ። ወንድሜ የት ነው?


ሰኔ 29 ቀን

ለእህቴ ልጅ፤

ከዚህ በላይ ምርቃት የሚጻፍበት ቦታ ነበር። ባዶውን ተውኩት። አልረገምኩህም፤ መመረቁ ግን ዛሬ ከእጄ አልወጣ አለ።

ወንድምህ ሚያዝያ ሃያ ሁለት ቀን ከቀትር በፊት ሞቷል።

የሆነው ይህ ነው። ታኅሣሥ አሥራ ሰባት ጎህ ሲቀድ ከማንጎው ሥር ቆምን። ወረቀትህን በሸሚዝ ኪሱ ይዟል። ቀበቶውን ፈትቶ ሰጠኝ። «ያዝ አጎቴ፣ ጋሼ መንገድ አይዘጋ ብሏል» አለ። «አንተ ልጅ፣ ጉንዳኑ ቢሸበር ይሸበር!» አልኩት። «ታዲያ ንግሥቲቱ ቤት ብትለውጥስ? ዓመቱን ሙሉ ሳወርድልህ ልኖር ነው?» አለኝ። ጓንቱንም ተወው። አመድ ልነስንስ ስል ከለከለኝ።

የእኔንም ድርሻ ጻፍ። ከረጢቱን አንገት ላይ የሚንጠለጠል አድርጌ ሰፍቼው ነበር። እንዳይወዛወዝ የሚል ስላለ ፈታሁትና ግራ ክንዱ ላይ የሚታሰር አደረግኩት። ያሰርኩትም እኔ ነኝ። አንድ እጅ አሳጣሁት።

ወጣ። ከረጢቱን አለበሰ። መጋዙን ከግማሽ ሳያደርስ ዓይኑ ውስጥ ተፉበት። መጋዙ እግሬ ሥር ወደቀ። «አላይም! አጎቴ አላይም!» ሲል ሰማሁት። በቀኝ እጁ ያንን ቅርንጫፍ ጨበጠ፤ ተንጠለጠለ፤ ተገነጠለ። ሲወርድ ግራ ክንዱን ወደ ላይ እንዳነሣ ነው የወረደው። በጀርባው ተዘርግቶ ክንዱ ቀጥ ብሎ ቆሞ ነበር፤ ከረጢቱ ጫፉ ላይ። መሬት አልነካም። ቋጠሮው አልፈታ አለኝ፤ ደሙ ክንዱ ላይ ሲቆም አየሁና ቆረጥኩት።

መጀመሪያ የተናገረው ምን እንደሆነ ልንገርህ? «አጎቴ፣ ይሄ ወደቀ ይባላል?» ጎጆውን ማለቱ ነው።

ከወገቡ በታች እንደማይንቀሳቀስ ሐኪሙ በዚያው ቀን ነገረን። አስማለኝ። «ውሉ እስኪታደስ ትንፍሽ እንዳትል። እሱ ከተባረረ እኔ በከንቱ ነው የወደቅሁት» አለ። ስለዚህ ዋሸሁህ። እርሱ እያስዋሸኝ፣ አንተ እያወቅክ፣ እኔ በመካከላችሁ ስሰፋ ከረምኩ።

በየካቲት ቁስሉ አጥንት ደረሰ። እየተመላለሰች የምታጥብለት ነርስ፣ «ወገቡ አይገድለውም፤ የሚገድለው ይህ ቁስል ነው» ብላኝ ነበር። ፍራሹ ያድነው ነበር አልልህም። አያድነውም ነበርም አልልህም። በየሁለት ሰዓቱ አገላብጠው ነበር፤ እኔ ሰባ አንድ ዓመቴ ነው፤ እርሱ ረጅም ነው። አንዳንዴ እንቅልፍ ይጥለኛል። የመጋቢት ደብዳቤህን ሳነብለት «አስቸኳይ ከሆነ» ያልከው ጋ ሲደርስ አስቆመኝ። «አስቸኳይ አይደለም በለው» አለኝ። አልጻፍኩም። ዝም አልኩህ።

ከሞተ በኋላ ወረቀትህን ከትራሱ ሥር አገኘሁት። ከሰባተኛው በታች በእርሳስ፣ በእርሱ እጅ ጽሕፈት፣ አንድ መስመር ተጨምሮበታል። በመጋቢት እርሳስ አምጣ ያለኝ ለዚህ ኖሯል። እንዳለ ልገልብጥልህ፦

«፰. የሚወጣው ሰው መውረጃውም ይታሰብ።»

ወረቀቱን አልልክልህም፤ የእኔ ነው።

እስከ ዛሬ ብዙ ነገር አስልኬሃለሁ። አሁን የመጨረሻዬን እጠይቃለሁ። ቅርንጫፉን አልጣልሁትም ብለሃል። ላክልኝ። መጨረሻ የጨበጠው እርሱን ነው። ምን ያደርግልሃል እንዳትለኝ።

ማንጎው ላይ ያሉት አሁን አልቀዋል። ቅጠሉ ደርቆ እየወደቀ ነው። ስፌቱ ግን ገና እንደያዘ ነው።

አጎትህ


ነሐሴ 3 ቀን

አጎቴ፤

ቅርንጫፉን ዛሬ ልኬያለሁ። ርዝመቱ ስልሳ አራት ሴንቲ ሜትር ነው። እርስዎ በሰፉት ከረጢት ውስጥ አድርጌዋለሁ፤ የተቆረጠውን ማሰሪያ በአዲስ ክር ቀጥዬ አስሬዋለሁ። ቋጠሮው ሲስቡት የሚፈታ ነው። መቀስ አያስፈልገውም።

ከተገነጠለበት ጫፍ አንድ ክንድ ያህል ርቆ፣ ልጡ ላይ አራት ትናንሽ ጭረቶች ጎን ለጎን አሉ። በማጉያ መስተዋት መርምሬአቸዋለሁ። የጉንዳን ሥራ አይደሉም። ሲደርስዎ እንዳይፈልጉ ቦታውን ነጭ ክር አስሬበታለሁ።

ሁለት ጊዜ ትኬት ለመግዛት ሄጄ ሁለት ጊዜ ተመልሻለሁ። ምክንያቱን በሥርዓት መጻፍ እችል ነበር፤ አልጽፍም። ይምጣ ካሉኝ እመጣለሁ። ዝም ካሉኝም፣ ዝምታውን እንደ ፈቃድ አልቆጥረውም።

ሣጥኑን የተቀበለችኝ ሠራተኛ የሰጠችኝ ቅጽ፣ እርስዎ በታኅሣሥ የሞሉት ዓይነት ነው። «ሕይወት ያለው ነገር አለበት?» ይላል። ከፊቱ ሁለት ትናንሽ ሳጥኖች አሉ። እስክሪብቶውን ይዤ ብዙ ስለቆምሁ ከኋላዬ የተሰለፈው ሰው አጉረመረመ፤ ሠራተኛዋም ጥያቄው ያልገባኝ መስሏት በጣቷ አሳየችኝ።

«የለበትም» የሚለው ላይ ምልክት አድርጌ ፈረምሁ።

የእህትዎ ልጅ